ብቻ መዋጥ

ጉድባ ሰፈር ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። መልሱ ከየበሩ በላይ እየበራ ስለሚታይ፣ ጥያቄው የጨዋ ሰው አይመስልም። ነጭ መብራት የበራበት ቤት ደህና አድሯል። ሰማያዊ የበራበት ወባ ገብቶበታል፤ ቢጫ የበራበት ታይፎይድ፤ ሐምራዊ የበራበት ቲቢ። በሩ ላይ የተተከለችው አነፍናፊ ሰው ሲወጣና ሲገባ ትንፋሹን አሽትታ ትፈርዳለች። ስለዚህ ሰላምታው «ነጭ ናችሁ?» ሆኗል፤ መልሱም እንደየሃይማኖቱ «ነጭ ነን፣ ተመስገን» ወይም «ነጭ ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ነው። ሐምራዊ የሆነ ሰው መልስ አይጠበቅበትም። ሰላም ባዩ አንገቱን ደፋ አድርጎ ወደ ማዶ ይሻገርለታል። ይህን ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም፤ ነውር የሚባለው አለመሻገር ነው።

ረምላ ይማም በዚህ ሰፈር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው በትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነጠላና ሽርጥ ነው። ወባ ከቆላ ተነስታ ደሴ ድረስ ከወጣች ወዲህ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ያልተነከረ ልብስ ለብሶ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። ሥራው ስላለ ኑሮዋ ደህና ነው። ባለፈው መስከረም ግን የሰፈሩ ቅሬ ምስክር አድርጎ መረጣት። ምስክርነት ሰው የሚመኘው ሹመት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከቅሬው ድንኳን ሥር ቆሞ፣ ሐምራዊ የበራባቸው ሰዎች ቀዩን ክኒን ሲውጡ ማየት ነው።

ቀዩ ቲቢን በቀላሉ የሚገድል የመጨረሻው መድኃኒት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትን ክኒኖች በሽታው አንድ በአንድ ተላምዷቸዋል። የድሮ ሰው ጉሮሮውን በከረከረው ቁጥር ሱቅ ወርዶ ካፕሱል ይገዛ እንደነበር፣ ሲሻለው ደግሞ የተረፈውን ለጎረቤት ያስቀምጥ እንደነበር ለልጆች ሲነገራቸው ይስቃሉ፤ ተረት ይመስላቸዋል። ተረት ቢሆን ጥሩ ነበር።

ቀዩን መንግሥት ለግለሰብ አይሰጥም፤ ለቅሬ ነው የሚሰጠው። ቅሬ ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ለቀስተኛ የሚያበላ የሰፈር ማኅበር ነው። ሹማምንቱ ሲያስቡ ሲያስቡ፣ በዚህ አገር ሰው ሳያረፍድ የሚገኝበት ቦታ ቀብር ብቻ መሆኑ ተገለጠላቸውና መድኃኒቱን ለቀባሪው አስረከቡት። ሕጉ አጭር ነው። አንድ አባል ቀዩን ጀምሮ ካጓደለ፣ ቅሬው ለዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ዓመት ለማንም አንድ ፍሬ አይመጣም። አዲስ መጤ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ዓመት ሳይኖር አባል አይሆንም።

አዋዋጡ እንዲህ ነው። ታማሚው ከነፋሱ በታች ይቆማል። ምስክሯ ሁለት ቀይ ፍሬና ውሃ ታስቀምጥለትና ትርቃለች። ይውጣል። ከዚያ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጉንጩን በጣቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይስባል። ምስክሯ አይታ አውራ ጣቷን ታሳያለች፤ ታማሚው ጭምብሉን መልሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁሉም ሲያደርገው ከመልመዱ የተነሳ ሰው እንደ ፊት መታጠብ ነው የሚቆጥረው።

ከታማሚዎቹ አንዷ እትዬ ትጓደድ ነበሩ። እትዬ ትጓደድ ለረምላ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ረምላን የወለደቻት እናት በወሊድ ስትሞት፣ እሳቸው አራስ ነበሩና ሕፃኗን ከገዛ ልጃቸው ጋር ግራና ቀኝ አድርገው አጠቧት። እሳቸው ማርያምን ይዘክራሉ፣ ረምላ ትሰግዳለች፤ ግን እናትና ልጅ ናቸው፤ ይህ በወሎ ማስረዳት አይጠይቅም። የገዛ ልጃቸው በወጣትነቱ ሞቶባቸው የቀረቻቸው ረምላ ነች። ቤት ውስጥ «እማ» እያለች አንቺ ትላቸዋለች፤ ድንኳኑ ሥር ግን ምስክር ናትና እርስዎ ነው የምትላቸው።

እትዬ ትጓደድ ሲውጡ በነጠላቸው አፋቸውን ይከልሉ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱም ከነጠላው ጀርባ ነው፤ ለዓመል ያህል ከፈት አድርገው ይዘጉታል። ረምላ ያን ጊዜ የድንኳኑን ጣሪያ ታያለች። ምስክሮች ሲሠለጥኑ «የማንንም አፍ ሳታዩ እንዳታልፉ» ተብለው ነበር፤ እሷም ከሌሎቹ ጋር ራሷን ነቅንቃለች። ግን ደህና አድርገው ያሳደጉት ሰው የታላቁ አፍ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አያይም። ያጠባቻትን እናት ምላስሽን አንሺ ማለት ደግሞ ለረምላ ቀልድም አይመስላትም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። ከእትዬ ትጓደድ በር በላይ ያለው ሐምራዊ መብራት እየሳሳ መጣ፤ ሰፈርተኛውም «በርቱ እንግዲህ፣ ለጥምቀት ነጭ ይሆናሉ» እያለ ከማዶ ያበረታታቸው ጀመር። ጥምቀት ሲቃረብ ግን መብራቱ መሳሳቱን ተወ። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ጠቆር ብሎ ታየ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀለሙ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነ።

ረምላ ፈራች። ኅሩይ ለሚባለው ጤና መኮንን ደወለች። ኅሩይ ብዙ ሰፈር የተሸከመ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስክሪን ነው የሚታየው፤ በአካል ብቅ ካለ ሰው ክፉ ነገር መጣ ብሎ ይደነግጣል። የእትዬ ትጓደድን የመብራት ታሪክ ከፊቱ ዘርግቶ አየ።

«ቀዩ አልሠራ ሲል ሦስት ነገር እንጠይቃለን» አላት። «በሽታው ሌላ ይሆን? ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን? ወይስ መድኃኒቱ ሆድ አልደረሰም? በመጀመሪያው አነፍናፊዋ አትሳሳትም። ሁለተኛውን አክታ ካልተመረመረ አናውቅም። ሦስተኛውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ረምላ በየቀኑ እንደምታይ ነገረችው። የምታየው አፋቸው ውስጥ እንደሆነ ጠየቃት። ረምላ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አነሳች። ኅሩይም አልጨቀጨቃትም፤ እሱም እዚሁ አገር ነው ያደገው። መብራቱ በዚሁ ከቀጠለ አነፍናፊዋ ራሷ ደሴ ላለው ቢሮ እንደምትናገርና ቅሬው ያለ ጥያቄ እንደሚዘጋ ነገራት። ቅሬው ራሱ ቀድሞ ከተናገረ ግን የአክታው ውጤት እስኪመጣ አይዘጋም፤ ከዚያ በኋላም ነገሩ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ይህን ብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ተጠራ።

ድንኳኑ ሥር በሰው ፊት አፍዎን ልይ ማለት ማዋረድ ነውና፣ ረምላ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭምብሏን አጥብቃ ወደ እትዬ ትጓደድ ግቢ ሄደች። እትዬ ትጓደድን በረንዳ ላይ ልብስ ሲያሰጡ አገኘቻቸው። ራቅ ብላ ቆማ እንዴት እንደምትጀምር ስታስብ ሳል ሰማች። ሳሉ የመጣው ከጓሮው ማድ ቤት ነበር። እትዬ ትጓደድ ግን ፊት ለፊቷ ነበሩ።

ማድ ቤት አነፍናፊ የለውም፤ ጭስ ስለሚያሳስታት እዚያ አትተከልም። ረምላ በሩን ገፋ አድርጋ ስታይ፣ ማዳበሪያ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ዓይኗ ብቻ ነው ያልከሳው። ዘሀራ ትባላለች። ከባቲ በታች ካለ ቆላ የውሃ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ሥራ ፍለጋ መጥታ፣ የምታድርበት ቤት በር ላይ ሐምራዊ ሲበራ የዚያኑ ቀን አስወጥተዋታል። የጣሏትም ገበያው ግንብ ሥር ነው። እትዬ ትጓደድ አልፈዋት ሊሄዱ አልቻሉም።

ረምላ ሁሉንም ነገር ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም። እትዬ ትጓደድ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ራሳቸው ፈቱት። ውስጡ የጠዋቷ ሁለተኛ ፍሬ ነበረች።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድርሻዋ ነዋ» አሉ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ድምፅ። ከዚያ የረምላን ፊት አዩና ቀጠሉ። «ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ፣ አንድ ዓይነት ሳል አብረን እየሳልን፣ እኔ ብቻዬን ልዋጥ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?»

ረምላ ተናደደች። መጀመሪያ በእሳቸው የተናደደች መስሏት ነበር፤ ቆይታ ስታስተውለው ግን ንዴቱ በራሷ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ጠዋት የድንኳን ጣሪያ ስትቆጥር በከረመችው በራሷ። ግማሽ መድኃኒት ግማሽ መዳን እንዳልሆነ ልታስረዳቸው ሞከረች። ጀርሙን ሳይገድሉ መትቶ መልቀቅ ማለት ነው፣ የተረፈው የተመታበትን ዱላ አውቆ ይነሳል አለቻቸው። እትዬ ትጓደድ አልገባቸውም ማለት አይደለም፤ ልባቸው እሺ አላለም።

«ግማሽ እንጀራ ሁለት ሰው ያሳድር የለም?» አሉ።

«እንጀራ ነው እሱ፣ እማ። ረሃብ ዱላ አይለምድም፤ ይሄ ግን ይለምዳል። አሁን ሁለታችሁም እየሞታችሁ ነው።»

ዘሀራ ይህን ስትሰማ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። እናቴ ብዬ የተጠጋኋቸውን ሴትዮ ልገድል አልመጣሁም፣ እሄዳለሁ አለች። ረምላ ቁጭ በይ አለቻት፤ የምትሄጅበትም አገር ሰው አለበት። እትዬ ትጓደድ ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ ረጋ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እሺ፣ ከነገ ጀምሬ ሁለቱንም ልዋጥ። እሷስ?» ረምላ ወደ በሩ ዞረች። መልስ ሳትይዝ ወደዚህ ቤት ላለመመለስ ወሰነች።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ይመር ነው። ጋሽ ይመር ዕድሜያቸውን ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው ሰዓቱን የማያዛንፍ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ኢክራም የምትባል የልጅ ልጃቸው ሐምራዊ በርቶባት ቀዩን ልትጀምር ቀን ተቆርጦላታል። ቅሬው ከተዘጋ ኢክራም የምትውጠው ነገር የለም።

ረምላ የሆነውን ነገረቻቸው። ጋሽ ይመር ጭምብላቸውን ከአገጫቸው ወደ አፍንጫቸው፣ ከአፍንጫቸው ወደ አገጫቸው ሲያመላልሱ ቆዩ። ከዚያ ምክር ሰጧት። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ምክር ነበር። ልጅቱ ስንቅ ተይዞላት ወደ አገሯ ትሸኝ። ትጓደድ ከነገ ጀምሮ ሁለቱንም ይዋጡ፣ አንቺም ዓይንሽን ገልጠሽ እይ። መብራቱ ይሳሳል፤ የተሰማ ነገር የለም፤ ቅሬው ቆሞ ይኖራል።

ረምላ እውነቱን ለመናገር ምክሩ አጓጓት። ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ወደ ቤት መሄድን የመሰለ ዕረፍት የለም። ግን የኅሩይ ሁለተኛ ጥያቄ ከጆሮዋ አልወጣም።

«ጋሼ፣ ተላምዶ ከሆነስ?» አለቻቸው። «እማ ትጓደድ ሁለቱንም እየዋጠች ትሞታለች። ኢክራም የምትውለው እዚያው የእማ ግቢ ነው። የተላመደው ወደ ኢክራም ከተሻገረ ክኒኑ በእጅዎ ይኖራል፣ ጥቅሙ ግን አይኖርም። አክታ ሳይመረመር አፌን አልዘጋም።»

«ቅሬውን ልታዘጊው ነው።»

«መብራቱ እንደሆነ ይዘጋዋል። እኔ ልቅደመው ነው የምለው።»

ጋሽ ይመር ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ረምላ የተባረረች መስሏት ልትሄድ ስትል፣ ከውስጥ ሆነው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከዙሁር በፊት ቅሬው ይሰብሰብ ብለው ተጣሩ።

እሑድ ሰው ሁሉ ወጣ። ነጮቹ ከነፋሱ በላይ፣ ሐምራዊዎቹ ከነፋሱ በታች፣ እርስ በርስ በክንድ ተራርቀው ተቀመጡ። ረምላ ከመሐል ቆማ ያለውን ሁሉ ተናገረች። ክኒኑ እንዴት እንደተከፈለ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ እሷም ምስክር ሆና አፍ እንዳላየች። የመጨረሻውን ስትናገር ብዙ ሰው መሬት መሬት አየ። ሰፈሩ ውስጥ ምስክር ሆኖ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የትልቅ ሰው አፍ ያየም ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የተናገረው መኪና ጠጋኙ እንድሪስ ነበር። እንድሪስ ከሌላ ከተማ መጥቶ አባል ለመሆን ዓመት የጠበቀ፣ በዚያ ዓመት ውስጥ ሚስቱን ያጣ ሰው ነው። ሕግ ሕግ ነው አለ፤ እኛም ጠብቀናል፤ የጠበቅነው ዋጋ ከፍለን ነው።

ረምላ መለሰች። «ይህች ልጅ ነገ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ብትሞት ማን ይቀብራታል?»

ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም። የጉድባ ሰፈር ቅሬ ሬሳን አገርህ ወዴት ነው ብሎ አያውቅም። መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘን ሰው ሁሉ ገንዞ፣ መስጊድ ወይ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ቀብሯል፤ ስሙ ላልታወቀ ሰው እንኳን ድንኳን ተክሎ ተቀምጧል። የእንድሪስንም ሚስት፣ ገና አባል ሳትሆን፣ ይኸው ቅሬ ነው የቀበራት።

«ሬሳ አያስልም» አለ እንድሪስ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ራሱ እንድሪስ አልሳቀም።

ረምላ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «እውነትህን ነው። የምትጎዳን እየሳለች በሕይወት እያለች ነው። እንግዲህ ስትሞት ልንቆፍርላት ከሆነ፣ ሳትሞት ቅሬ እናስገባት። ቀዩን ሰጥቶ ማየት ከመቆፈር ይቀላል። ሚስትህንም ያኔ እንደሱ ብናደርግላት ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አላደረግንም። ይኸው ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አጉረመረሙ። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና፣ ቅሬው ሲዘጋ የእኔ ባል ምን ይውጣል ብላ አለቀሰች። ልቅሶዋ የሁሉም ልቅሶ ነበር፤ ረምላም ለዚያ መልስ እንደሌላት ሳትሸፍን ነገረቻት። መብራቱ እንደ ሰው አያፍርም፣ አይራራም፣ መናገሩ አይቀርም፤ እኛ ከቀደምነው የመጠየቅ ዕድል አለን፤ ካልቀደምነው እሱም የለንም አለች።

ጋሽ ይመር ተነሱ። ሰው ሁሉ የኢክራምን ነገር ያውቅ ነበር።

«የትጓደድ አክታ ይሂድ። የእንግዳዋም ይሂድ። የኢክራምም አብሮ ይሂድ፣ ምን እንደያዛት ልወቅ። ልጅቱ ከዛሬ ጀምሮ ቅሬያችን ናት። የሚቃወም እጁን ያውጣ።»

የወጣ እጅ ነበር፤ ያልወጣው በዛ። እንድሪስ እጁን አውጥቷል። ይሁንና ስብሰባው ሲበተን ደሴ የሚሄድ መኪና የተገኘው የእሱ ብቻ ነበርና፣ የአክታውን ሣጥን ጭኖ የሄደው እሱ ነው። ከመሄዱ በፊት የማድ ቤቱን መስኮት መዝጊያ ነቅሎ ጣለው፤ እዚህ ውስጥ አየር ሳይገባ ነው እንዴ ሰው ያስቀመጣችሁት ብሎ ረምላን ተቆጣት።

ውጤቱ እስኪመጣ ዘሀራ ከማድ ቤቱ አልወጣችም። ምግብ በር ላይ ይቀመጥላታል፤ የሚያመጣላት ቤት በተራ ነው። እትዬ ትጓደድ ሁለቱንም ፍሬ ይውጡ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ረምላ ድንኳኑ ሥር ቀረብ ብላ «አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለቻቸው። እትዬ ትጓደድ ነጠላቸውን አወረዱ። ረምላ ጎንበስ ብላ አየች። ከፊት ያሉት ጥርሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ይህን አታውቅም ነበር። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ ግን ምላሳቸውን አስነሳች፣ ጉንጫቸውን አስሳበች፣ ሁሉንም አየች። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች። እፍረቱ አልለቀቃትም፤ እሷም ማየቱን አልተወችም።

ኅሩይ በአካል መጣ። የሰፈሩ ሰው ከሩቅ አይቶት በየበሩ ቆመ። የመጣው ለጋሽ ይመርና ለረምላ ሊነግር ነበር፤ ግን እትዬ ትጓደድ እኔም ልስማ ብለው ከነፋሱ በታች ቆሙ። የኢክራም ጀርም አልተላመደም፤ ቀዩን ትጀምራለች። የዘሀራም አልተላመደም፤ ቢሮው ቅሬው እንዳስገባት ተቀብሏልና እሷም ትጀምራለች። የእትዬ ትጓደድ ተላምዷል።

ረምላ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እየዋጡ እንዴት አንዷ ተረፈች ብላ ጠየቀችው። ኅሩይ ዕድል ነው አላት፤ ሌላ መልስ ቢኖረው ይነግራት ነበር። ቅሬው ቀድሞ ስለተናገረ አይዘጋም። እትዬ ትጓደድ ግን ተራራው ላይ ወዳለው፣ የተላመደባቸው ሰዎች ወደሚታከሙበት ቤት ይሄዳሉ። እዚያ በቀዩ ፈንታ በየቀኑ መርፌ አለ፤ ከዓመት በላይ ይፈጃል። የሚድነው ከሚሞተው ይበዛል፤ ከሚድነውም ጆሮው የማይሰማ ይኖራል። ጠያቂ የሚጠይቀው በመስታወት ነው።

ረምላ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ገና ሲጀመር ዓይኔን ብገልጥ ኖሮ አለች። እትዬ ትጓደድ ከማዶ ሆነው አብሽሪ አሏት፤ ሊነኳት አይችሉምና እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው ቆሙ። መርፌው ሞት አይደለም፣ ጆሮዬም ቢሆን ድሮም የሚሰማው የሰው ሐሜት ነው አሉ። ከዚያ ለዘሀራ ትልቁን ቤት እንዲከፍቱላት፣ ማድ ቤት ውስጥ እንዳያስቀሯት ጋሽ ይመርን አስማሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ራሳቸው የጠየቁት ነገር አልነበረም።

የመሄጃቸው ጠዋት ዘሀራ የመጀመሪያዋን ቀይ ለመዋጥ ድንኳኑ ሥር የቀረበችበት ጠዋት ሆነ። እትዬ ትጓደድ ሻንጣቸው ተጭኖ፣ የሚወስዳቸው መኪና መስኮት ውስጥ፣ ከሁሉም ከነፋሱ በታች ተቀምጠዋል። ጋሽ ይመር ኢክራምን ይዘው መጥተዋል። እንድሪስም ምንም ሥራ ሳይኖረው እዚያው ቆሟል።

ረምላ ሁለት ፍሬና ውሃ አስቀምጣ ራቅ አለች። ዘሀራ አንዷን አንስታ ዋጠች። ሁለተኛዋን አነሳችና መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሳታስብበት፣ እጇን ወደ መኪናው ዘረጋች።

ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ዞረ።

«ዋጫት፣ ልጄ» አሉ እትዬ ትጓደድ ከመኪናው ውስጥ። «እኔ ጠግቤያለሁ።»

ዘሀራ ዋጠቻት። ረምላ ቀርባ አፏን አስከፈተቻትና እስከ ጉሮሮዋ ድረስ አየች።